የአባባ መኪና ለምን ይሸታል?

«እማዬ፣ የአባባ መኪና ለምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

የአሥር ዓመቱ ልጄ ይህን የጠየቀኝ ሸኖ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ትምህርት አልቆ፣ አባቴ የልጅ ልጆቹን ለዕረፍት ሊወስዳቸው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ነበር። እኔም ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። መኪናው ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው፤ በናፍጣ የሚሠራ፣ ዕድሜው የልጄን እጥፍ የሚሆን አሮጌ ፒክአፕ። አባቴ ከመምህርነት ጡረታ ሲወጣ ነው የገዛው። ገብስና ጭድ ይጭንበታል፣ ለቅሶና ሠርግ ይደርስበታል፣ የጎረቤት ሴት ምጥ ሲይዛት እኩለ ሌሊት ሆስፒታል ያደርስበታል።

«ናፍጣ መኪና ስለሆነ ነው የኔ ልጅ፤ ናፍጣ ይሸታል» አልኩት። ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው። ጥቂት እንደሄድን ልጁ አስመለሰው። መኪናውን ዳር አቁመን አፉን አጠብነው፤ የብርቱካን ልጣጭ አፍንጫው ሥር ያዝኩለት። «መኪና አይስማማውም» ተባብለን መንገዳችንን ቀጠልን። ይኸው ልጅ ግን በአውቶቡስ ሐዋሳ ደርሶ ሲመለስ አላስመለሰውም ነበር። ያን ጊዜ ይህ ትዝ አላለኝም።

በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት በወላጆቼ ግቢ ውስጥ የተማርኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። የመኪና ነገር ለወንዶች ወይም ለመካኒክ ብቻ የሚተው ይመስለኝ ነበር። ልጆቻችን የሚሳፈሩበት ነገር ከሆነ ግን የእኛም ጉዳይ ነው።

ከአፌ ያመለጠው ቃል

ደብረ ብርሃን ስንደርስ የሦስት ዓመቷ ልጄም ራሷን ይዛ ታለቅስ ነበር። ልብሳችን ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ደክሞኝም ነበር መሰለኝ፣ እናቴ ቡና ልታፈላ ጉድ ጉድ ስትል፣ «አባዬ፣ ልጆቼ ከእንግዲህ በዚህ መኪና አይሄዱም። ሽጠው!» አልኩት።

አባቴ አልተቆጣም። «እሺ ልጄ» ብሎ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። በመስኮት ሳየው መኪናው አጠገብ ቆሞ ኮፈኑን በእጁ ያብሳል።

«ምነው እንዲያ አልሽው?» አለችኝ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ወር ሆነው፣ መስኮት ከፍቶ ነው የሚነዳው። ጋራዥ ወስዶት ‹ፖምፓው ወርዶ ይሠራ› አሉት። የጠሩለት ዋጋ አስደንግጦት ተመለሰ። አልነገረሽም?»

አልነገረኝም። ጡረታ የወጣ አባት ገንዘብ አጠረኝ ብሎ ለልጁ መናገር ይከብደዋል።

በማግስቱ ማለዳ ግቢው ውስጥ ያለው ሣር አመዳይ ለብሶ ነበር። አባቴ መኪናውን ሊያስነሳ ሲሞክር ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ ተሽከረከረ፤ ነጭ ጭስ ተፍቶ፣ ተንገጫግጮ፣ በስንት መከራ ተነሳ። መኪናው ከቆመበት ፈቀቅ ሲል መሬቱ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል እርጥበት አየሁ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፤ ናፍጣ ነው።

«አባዬ፣ ለትናንቱ ይቅርታ አድርግልኝ። ከየት እንደሚፈስ እንፈልገው» አልኩት።

«እኔስ መች ጠላሁ?» አለ። «ፖምፓው ረጥቧል አሉኝ። መርጠቡን እኔም አይቻለሁ። ያረጠበው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን ያየ የለም።»

ናፍጣ የሚሄድበት መንገድ

አባቴ አርባ ዓመት ያህል ጠመኔ የያዘ ሰው ነው። ልጄን ጠርቶ ሲሚንቶው ላይ ሥዕል ሣለለት። እኔም ከልጄ ጀርባ ቆሜ ተማርኩ።

ናፍጣው ከኋላ ካለው ታንከር ተነስቶ በቱቦ ወደ ፊት ይመጣና መጀመሪያ ፊልትሮ ውስጥ ይጣራል። ፊልትሮው ላይ በእጅ ተጫን የሚባል ትንሽ ፓምፕ አለ። ከዚያ ወደ ፖምፓው ይገባል። ፖምፓው በኃይል ገፍቶ በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ወደ አራቱ ኖዝሎች ይልከዋል፤ እነሱም ሞተሩ ውስጥ ይረጩታል። ያልተረጨው ትርፍ ናፍጣ ደግሞ በሌላ ቱቦ ተሰብስቦ ወደ ታንከሩ ይመለሳል።

«እንግዲህ መንገዱ ሦስት ቦታ ይከፈላል» አለው አባቴ፣ በጠመኔው እየጠቆመ። «የሚሳብበት፣ የሚገፋበትና የሚመለስበት። ሦስቱም ሲቀደዱ ጠባያቸው ይለያያል።»

ከታንከር እስከ ፖምፓ ያለው የሚሳብበት ነው። እዚህ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ ወደ ውጭ ከመፍሰስ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። መሬቱ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ሌሊት መኪናው ሲቆም ግን ናፍጣው ወደ ታንከሩ ይሸሻል፤ ጠዋት ላይ መኪናው አልነሳም ይላል። ባለቤቱም «ባትሪ ነው፣ ብርድ ነው» እያለ ይቸገራል።

ከፖምፓ እስከ ኖዝል ያለው የሚገፋበት ነው። እዚህ የሚያፈስ ከሆነ ሞተሩ ሲሠራ ይታያል፤ እንደ ጉም ሊረጭም ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው።

ከኖዝል ወደ ታንከር ያለው የሚመለስበት ነው። ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። ቱቦው ላስቲክ ነው፤ ከሞተሩ ሙቀት አጠገብ ዓመታት ሲያልፉት ይደርቃል። ዋጋው ርካሽ ስለሆነም ብዙ ሰው ዞር ብሎ አያየውም።

«የእኛ መኪና ሁለቱንም ያሳያል» አለ አባቴ። «ጠዋት ይቸገራል፣ ሲሠራም ያንጠባጥባል። ሁለት ሕመም ሳይሆን አይቀርም።»

ጠመኔው ጠቆረ

ሥራው የተጀመረው በማጠብ ነው። ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ናፍጣ ግን እንደ ዘይት ነው፣ ተጣብቆ ይቆያል፣ አቧራም ይሰበስባል። ስለዚህ ዛሬ የምናየው እርጥበት የዛሬ ይሁን የባለፈው ወር መለየት አይቻልም። ናፍጣው ከላይ ወርዶ ታች ያለውን ዕቃ ሁሉ ያረጥባል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚንጠባጠብበት ቦታና የተቀደደበት ቦታ አንድ የሚሆኑት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ሞተሩ ፍጹም እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። አባቴ ባትሪውንና የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን በፌስታል ሸፍኖ በብሩሽና በሳሙና ውሃ አጠበ፤ በጨርቅም አደረቀ። ቀጥሎ ጠመኔ ወቅጦ ዱቄቱን በፖምፓው ዙሪያ፣ በቱቦዎቹ መጋጠሚያና በኖዝሎቹ አናት ላይ በትንሽ ብሩሽ ቀባባ። አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበትንና ቺንጊያው ያለበትን ቦታ አልነካም። ከሥሩ ሰፊ ካርቶን ዘረጋ።

«ነጠላሽን አውልቂ» አለኝ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት። «ቬንትሌተሩ ጫፉን ከያዘው አንገትሽን ይዞሽ ይሄዳል።» ልጁን ሁለት ሜትር ያህል አርቆ አቆመው፤ ባትሪ መብራት ሰጥቶት «አንተ ዓይን ነህ፤ እጅ አይደለህም» አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስምርበት። የሚያፈስ የናፍጣ ቱቦን ሞተሩ እየሠራ በእጅ ዳብሶ መፈለግ ክልክል ነው። የመኪና ጎማ ከ2 እስከ 3 ባር ግፊት ይይዛል። የአሁን ዘመን ናፍጣ መኪኖች ኖዝል ጋ ያለው ግፊት ግን ከ1,000 ባር በላይ ነው። እንደ አባቴ ባለው አሮጌ መኪናም ቢሆን ከ100 ባር ያልፋል። ዓይን የማያየው ቀጭን ፍንጣቂ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ሊሆን ይችላል፤ ላያምም ይችላል። ቢሆንም ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል የሚያስኬድ አደጋ ነው፤ የዘገየ ሰው እጁን ሊያጣ ይችላል። አዳዲሶቹን መኪኖች ቤት ውስጥ ባንነካካቸው ይመረጣል።

ሞተሩ ሩብ ሰዓት ያህል ሠራ። ፖምፓው ደረቅ ነው። የብረት ቱቦዎቹም ደረቅ ናቸው። አባቴ መነጽሩን ገፋ አድርጎ ሊጠጋ ሲል ልጄ ጮኸ፤

«አባባ፣ ጠመኔው ጠቆረ!»

መብራቱ ያረፈው ከፖምፓው በላይ፣ ትርፉ ናፍጣ ከኖዝሎቹ የሚመለስበት አጭር የላስቲክ ቱቦ ላይ ነው። ከቱቦው ጫፍ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ወርዷል፤ ወርዶም ወርዶም ፖምፓው ጀርባ ላይ ደርሶ ይጠራቀማል። አባቴ ሞተሩን አጠፋ፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ቱቦውን ነቀለና ጎበጥ ሲያደርገው እንደ ደረቀ ቋንጣ ተሰነጣጠቀ።

የልጄ ጥያቄ መልስ አገኘ። ናፍጣው የሚንጠባጠበው ትኩስ ሞተር ላይ ነበር። ሲሞቅ ሽታው ይነሳል፤ ወደ ጋቢናው የሚገባው አየር ደግሞ የሚሳበው ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከኮፈኑ ጫፍ ነው። ልጆቼ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የሚተነፍሱት እሱን ነው። ይህ ሽታ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፤ ልጆች ላይ ቶሎ ይታያል። እኔ «ናፍጣ መኪና ይሸታል» ያልኩት ስህተት ነበር። ደህና የሆነ ናፍጣ መኪና ጋቢናው ውስጥ አይሸትም።

ሁለተኛው ሕመም

የጠዋቱን ችግር ያገኘው አባቴ ድሮ ያስተማረው አንድ የሰፈር መካኒክ ነው። «መምህር፣ ለምን አልጠሩኝም?» እያለ መጣ። ፊልትሮውንና ፖምፓውን በሚያገናኘው መስመር ላይ ለጊዜው አጭር ውስጡ የሚታይ ቱቦ አስገባ። ሞተሩ ሲነሳ ናፍጣው ውስጥ የአየር አረፋ እየተንከባለለ ሲያልፍ ሁላችንም አየን። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ሲጫነው ደግሞ አንገቱ ላይ ላብ የመሰለ እርጥበት ወጣ። ውስጡ ያለው ላስቲክ አልቋል፤ አየሩ የሚገባው በዚያ ነው።

«ፖምፓውስ?» አለ አባቴ።

«ፖምፓው ምንም አልሆነም፤ የሌላው ናፍጣ ነው የፈሰሰበት» አለ ልጁ። የመጀመሪያው ጋራዥ ዋሽቷል ለማለት አልደፍርም። የረጠበውን አይቶ ተናገረ፤ ሳያጥብ መናገሩ ነው ጥፋቱ። ፖምፓው ቢወርድ ኖሮ አባቴ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ መኪናው መሽተቱን አይተውም ነበር።

በረንዳው ላይ ያለው ጠርሙስ

አሁን የምነግራችሁን ብተወው ደስ ይለኝ ነበር።

መካኒኩ ፊልትሮውን ሲፈታ ውስጡ የነበረው ናፍጣ እንዳይባክን ዕቃ አምጪ አሉኝ። ባዶ የውሃ ሃይላንድ አቀበልኳቸው። ሲሞላ ክዳኑን ገጥሜ በረንዳው ደረጃ ላይ አስቀመጥኩት። ንጹሕ ናፍጣ ቀለሙ ገረጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ልክ ብርዝ ይመስላል። እናቴ ደግሞ በዋዜማው ለልጆቹ ብርዝ በጥብጣ ነበር።

ሁላችንም ኮፈኑ ሥር አጎንብሰናል። የእናቴ ጩኸት ነው ያነቃን። ትንሿ ልጄ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ታቅፋ ክዳኑን በጥርሷ ትታገላለች። እናቴ ደርሳ ነጠቀቻት። ክዳኑ ጠብቆ ስለነበር አንዲት ጠብታ አልቀመሰችም። እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ትናንት «ልጆቼን በዚህ መኪና አላሳፍርም» ያልኩት እኔ ነኝ፤ መኪናው ያላደረሰባትን ጉዳት በገዛ እጄ ላደርስባት ነበር።

አባቴ ምንም አላለኝም። ጠርሙሱን ወስዶ ናፍጣውን ወደ ቢጫው ጄሪካን ገለበጠ፤ ሃይላንዱን በቢላ ለሁለት ቆርጦ ጣለው። ከዚያ መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ።

ማታ አንዲት የጤና ባለሙያ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። የነገረችኝን እንዳለ ላቅርብላችሁ። ናፍጣ፣ ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ሲጠጡ ትልቁ አደጋ ሆድ ውስጥ ሳይሆን ሳንባ ውስጥ ነው። ስለዚህ የጠጣን ልጅ በግድ ማስመለስ አይገባም፤ ሲወጣ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ብዙ ቤት የሚደረገው ወተት አጠጥቶ ማስመለስም ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። የነካውን ልብስ አውልቆ፣ ገላውን በሳሙና አጥቦ፣ የጠጣበትን ዕቃ ይዞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ልጁ ደህና ቢመስልም መታየት አለበት፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በቱቦ ከታንከር ናፍጣ በአፋቸው የሚስቡ አባቶችና ወንድሞችም ይህን ይስሙ፤ አደጋው ለትልቅ ሰውም ያው ነው።

ጥገናው

ጥገናው ከፍለጋው ይልቅ አጭር ነበር። ለመመለሻው ናፍጣ የሚችል ላስቲክ ቱቦ በትክክለኛው ውፍረት ተገዛ። ማንኛውም የውሃ ጎማ አይሆንም፤ ናፍጣ ያሳብጠዋል ወይም ያደርቀዋል። ለሙከራ የገባው ውስጡ የሚታየው ቱቦም ተነቀለ፤ ለመንገድ አይታመንም። ቱቦው በሁለት አዳዲስ ፋሸታ ታሰረ። «እንዳይፈስ ብለህ አታንቀው፤ ፋሸታው ራሱ ይቆርጠዋል» ይለዋል መካኒኩ ለልጄ። የእጅ ፓምፑ ተቀየረ። የተፈቱ መጋጠሚያዎች ላይ ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች በአዲስ ተተኩ፤ አንዴ የተጨፈለቀ ሮንዴላ ድጋሚ በደንብ አይገጥምም።

ከዚያ አየሩን ማስወጣት ቀረ። ልጄ በመካኒኩ ፈቃድ የእጅ ፓምፑን ተጫነ፤ መጀመሪያ ላላ፣ ቀስ በቀስ ጠነከረ፣ በመጨረሻ እንቢ አለ። ያ ማለት መስመሩ በናፍጣ ሞልቷል። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። እንደገና ጠመኔ ተቀባ፣ ካርቶን ተዘረጋ። ግማሽ ሰዓት ቢሠራም ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጠቅላላ ወጪው ለፖምፓው ከተጠራው ዋጋ አጠገብ የሚጠራ አልነበረም።

እናንተም ብታዩት

ናፍጣ መኪና ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ በናፍጣ መኪና የሚመላለሱ ከሆነ እነዚህን ልብ በሉ።

ጋቢናው ውስጥ የናፍጣ ሽታ ካለ፣ ልጅ በዚያ መኪና ብቻ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ጠዋት መኪናው ያለ ልማዱ ከተቸገረ፣ ወይም ናፍጣ ቶሎ ካለቀ፣ ማታ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ዘርጉና ጠዋት እዩት። ምንጩ እስኪገኝ ልጆቹን አታሳፍሩ።

ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይቀጣጠልም ማለት አይቀጣጠልም ማለት አይደለም። የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ከተረጨ እሳት ያስነሳል። ሽታው የበረታበትን መኪና አትንዱት፤ አጠገቡም ሲጋራ አይለኮስ።

መካኒክ «ይህ ዕቃ ይውረድ» ሲላችሁ፣ «መጀመሪያ ታጥቦ እንየው» በሉት። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቆጣም።

ናፍጣም ሆነ ሌላ የማይጠጣ ነገር በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብላችሁም ቢሆን። የፈሰሰውን መሬት ላይ አትተዉት፤ አሸዋ ወይም አመድ ነስንሳችሁ ሰብስቡት።

እሁድ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ የመለሰን አባቴ ነው፤ በዚያው መኪና። መስኮቱ ተዘግቷል። ሸኖ ላይ ልጄን ዞር ብዬ አየሁት፤ ከአያቱ ጋር ስለ ሦስቱ መንገዶች እየተከራከረ ነው። እናቴ የቋጠረችልንን የገብስ ቆሎ ፈታሁና አዳረስኩ።

«አሁንስ ምን ይሸታል?» አልኩት።

«ቆሎ» አለኝ።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ያን ሳምንት ሁለቱንም በአንድ ግቢ ውስጥ ተማርኩ።